ሞክሼዬ ፓስኳሌ

ሮኮ ከሆስፒታል ደወለልኝ። «ፋሲካ፣ አባቴን ሁለት ጊዜ ጠራሁት» አለ። «በሁለተኛውም አልዞረም።»

ሞተ የሚለውን ቃል አላወጣውም፤ ማውጣትም አላስፈለገውም። አባቱን ለሚያውቅ ሰው መርዶው ተነግሮ አልቋል። ጋሽ ፓስኳሌ በመጀመሪያ ጥሪ የማይዞሩ፣ በሁለተኛው ግን ሳይቀሩ የሚዞሩ ሰው ነበሩ። ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ስደርስበት እነግራችኋለሁ። ስልኩን ዘግቼ ምንም ሥራ ሳይኖረኝ ወደ ታች ወረድኩና የፖስታ ሳጥኖቹ ፊት ቆምኩ። በሕንጻችን ውስጥ እሳቸውን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነበር።

ጄኔቫ ዳር፣ ሜራን በሚባል ሰፈር የምንኖርበት ትልቅ ሕንጻ ኮንሲየርዥ ነበሩ። ኮንሲየርዥ ማለት እዚህ ጄኔቫ ደረጃ የሚያጸዳ፣ አምፖል የሚቀይር፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ተራ የሚያስከብር፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ መሀል የሚገባ ሰው ነው። «ጋሽ» የሚለውን የጨመርኩላቸው እኔ ነኝ። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ለሌሎቹ ተከራዮችም አስተማሩ፤ አንዲት ፖርቱጋላዊት ጎረቤቴ እስከ ዛሬ የጣሊያንኛ ማዕረግ ይመስላታል።

አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ክረምት ከበጋ ሰማያዊ የሥራ ካፖርት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ያን ሁሉ ቁልፍ ይዘው ሲሄዱ ግን ኮሽታ አይሰማም። ዘለላውን በመዳፋቸው ጭምድድ አድርገው ይይዙትና እንደ ድመት ከኋላ ይደርሱብሃል። ስንት ጊዜ አስደንግጠውኝ የገበያ ዕቃዬን ጥያለሁ። «እንደ ሰው አያንኳኩም?» ስላቸው ይስቃሉ እንጂ አይመልሱም።

አዲስ ተከራይ ሲገባ ሬጂው፣ ማለትም ሕንጻውን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ለፖስታ ሳጥኑና ለበሩ ደወል የስም ሰሌዳ አስቀርጾ ይልካል። የእሳቸው ሥራ መለጠፍ ብቻ ነው። እሳቸው ግን የስሙን ትርጉም ሳይጠይቁ አይለጥፉም። ፖርቱጋሉን፣ የኮሶቮውን ሰው፣ ስሪላንካውን ሁሉ ደረጃ ላይ አቁመው፣ ስምህ ምን ማለት ነው፣ ማን አወጣልህ ይላሉ። የሚቸኩል ሰው ይበሳጫል። ትርጉሙን የማያውቅ ደግሞ እናቱን ጠይቆ እንዲመጣ ይታዘዛል፤ እስከዚያ ስሙ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ይቆያል። ለሬጂው የሚከስ አልጠፋም፤ ሬጂውም ይደውልላቸዋል፤ እሳቸውም እሺ እሺ ብለው በልማዳቸው ይቀጥላሉ።

እኛ ስንገባ ነገሩ ጠነከረባቸው። የእኔ ሰሌዳ ፋሲካ ታደሰ፣ የባለቤቴ ሰሎሞን በቀለ፣ የልጃችን ማርታ ሰሎሞን ይላል። በአንድ ቤት ሦስት የቤተሰብ ስም። በራችን ላይ ቆመው በቀጥታ መጠየቅ አፍረው ይመስለኛል፣ ዞር ዞር አድርገው ለመሆኑ ዘመዳሞች ናችሁ ወይ አሉኝ። ሳቄ መጣ። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል እንደሌለ፣ ልጅ የአባቱን ስም ከኋላው አስከትሎ እንደሚሄድ፣ ከአባት ቀጥሎ የአያት እንደሚመጣ አስረዳኋቸው። ከባላቸውም ጋር ሰባት ልጅ ቢወልዱ ሴቶች የአባታቸውን ስም እንደማይለቁ ጨመርኩላቸው። ሰሌዳውን እንደያዙ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«እና የአያትሽ ስም ማንንም ሳይለምን ይከተልሻል?»

«ብወድም ባልወድም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። በጣም የሚያምር ነገር እንዳሳየኋቸው ዓይነት ነበር አስተያየታቸው፤ ያኔ ምክንያቱ አልገባኝም። ከዚያ የራሴን ስም ትርጉም ጠየቁኝ። የፋሲካ ዕለት ስለተወለድኩ ነው ብዬ በዓሉን በፈረንሳይኛ ስነግራቸው ብድግ አሉ። የእሳቸውም ስም ያው ነው ለካ። የመንደራቸው ቄስ ነግሯቸው ኖሮ የስሙን ታሪክ በአንድ ትንፋሽ ነው የተወጡት። ከዕብራውያን ፔሳሕ ይነሳል፤ ማለፍ ማለት ነው። ግሪኮች ፓስካ አሉት፣ ሮማውያን ተቀበሏቸው፣ በፋሲካ ሰሞን ለሚወለድ ወንድ ልጅ መውጣት ጀመረ፤ እየዋለ እያደረ የደቡብ ጣሊያን ገበሬ፣ አናጺና ዳቦ ጋጋሪ ሁሉ ፓስኳሌ ሆነ። «ወደ እናንተ የሄደው ደግሞ ፋሲካ ተባለ። አንድ ሰው ነው፤ የተሳፈረበት መርከብ ነው የተለየው» አሉኝ።

እኔም ስሙ አንድ የሆነ ሰው በእኛ አገር ሞክሼ እንደሚባል ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። የተበላሸ ማጠቢያ ለማየት ሲመጡም፣ በትራም ፌርማታ በሩቁ ሲያዩኝም፣ «ሞክሼ!» ነው። አባቴ የልጅህ ሞክሼ ጣሊያን ነው ቢባል ኖሮ ከመቃብሩ ቀና ብሎ «የምን?» ይል ነበር።

የሚገርመው፣ የሰውን ሁሉ ስም ሲያቀኑ የኖሩ ሰውዬ የራሳቸውን አላስቀኑም። ሬጂው ከጥንት ጀምሮ ፓስካል ነው የሚላቸው፤ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ ይቀላል ተብሎ። ካፖርታቸው ላይ የተሰፋውም፣ የፖስታ ሳጥናቸው ላይ የተለጠፈውም ፓስካል ነው። ለምን አያስተካክሉትም ስላቸው፣ «ፓስካል ይሥራ፤ ፓስኳሌ ቤት ይረፍ» አሉና ነገሩን ዘጉት።

በየዓመቱ በእነሱ ፋሲካ ስንዴ ቀቅለው ከአይብና ከብርቱካን አበባ ውሃ ጋር የሚጋገር የአገራቸውን ኬክ ይሠራሉ። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ራሳቸው ነበሩ የሚጋግሩት። የእኛ ፋሲካ ብዙውን ጊዜ ስለሚዘገይ እኔ ገና ጾም ላይ ነኝ። ድርሻዬን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተው፣ ጾሜን የምፈታበትን ቀን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ይጠብቁታል። «ሞክሼ፣ ዘንድሮ የእናንተ ክርስቶስ ምነው ዘገየ?» ይሉኝ ነበር።

ሌላው የማልረሳው ነገር በረንዳ ነው። በስዊስ ሕንጻ ከበረንዳ ጮኾ ልጅ መጥራት ነውር ነው፤ በእሑድማ ጭራሽ አይታሰብም። እኔ ደግሞ ያደግኩት ቄራ ነው። ማርታ ግቢው ውስጥ ስትጫወት ከበረንዳዬ «ማርታ!» እላለሁ፣ እሷም ከታች «አቤት!» ትላለች፣ ከፎቅ ያሉት አሮጊት መስኮታቸውን ድርግም ያደርጋሉ። ጋሽ ፓስኳሌ እንዲቆጡኝ ስጠብቅ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን አቤት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ስምህ ሲጠራ አለሁ፣ ሰማሁ ብለህ የምትመልሰው ነው አልኳቸው። ለዚህ ብቻ የተሠራ ቃል አላችሁ ማለት ነው ብለው ቃሉን ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ስጠራቸው አቤት ማለት ጀመሩ፤ በሁለተኛው ጥሪ ማለቴ ነው። በመጀመሪያው ያው ዝም ነው።

አንዴ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ልብስ እያጠፍኩ ተበሳጨሁባቸውና ጆሮዎን ይታዩ አልኳቸው። ጆሯቸው ደህና እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ የማሽኑን በር እያጸዱ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጀመሩት።

አባታቸው ጄኔቫ የመጣው ለወራት ብቻ ፈቃድ የሚሰጠው የወቅት ሠራተኛ ሆኖ ነው። ያኔ በዚያ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ሚስቱንና ልጁን ማምጣት አይፈቀድለትም። እናታቸው ግን ተከትላ መጣች፤ ልጁንም አመጣችው። ፈቃድ የሌለው ልጅ ከተገኘ ቤተሰቡ በሙሉ ይባረራል። ስለዚህ አባትና እናት ሥራ ሲሄዱ ትንሹ ፓስኳሌ መስኮቱ ተዘግቶ ክፍል ውስጥ ይቆለፍበታል። መሮጥ የለም፤ የሽንት ቤት ውሃ መልቀቅ የለም፤ ሲያስል ትራስ ውስጥ ነው። ሰው በሩን ቢያንኳኳ፣ ስሙን አውቆ ቢጠራው እንኳ መመለስ የለም። እናቱ የሰጠችው ምልክት አንድ ነው፤ እሷ ሁለት ጊዜ ትጠራዋለች። አንዴ የጠራ ሰው ማንም ሊሆን ይችላል። ሁለቴ የጠራ እናት ናት።

«አከራይዋ በሩ ላይ ትቆማለች። የጫማዋን ጥላ ከበሩ ሥር አያታለሁ። ከዚያ ታልፋለች» አሉኝ። «ፔሳሕ ማለት ይኸው ነው ሞክሼ። በሩ ላይ ቆሞ፣ አልፎ ይሄዳል። ቄሱ ትርጉሙን ሲነግረኝ እኔ ቀድሜ አውቀው ነበር።»

ያጠፍኩትን አንሶላ እንደያዝኩ ቀረሁ። እኔም በስደት መጥቼ ወረቀቴን በጠበቅኩበት ዘመን በር ሲንኳኳ ልቤ ስንት ጊዜ እንደቆመ አውቃለሁ፤ ግን ትልቅ ሰው ነበርኩ። ቁልፉ ለምን ኮሽ እንደማይል፣ የበረንዳው ጩኸት ለምን እንደሚጥማቸው ያኔ ገባኝ። ለልጃቸው ለሮኮ ነግረውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሞ ምን ያደርጋል አሉ።

ሮኮ አንድ ልጃቸው ነው። ዙሪክ ተምሮ እዚያው ሥራ ያዘ፣ ሬጉላ የምትባል፣ ዙሪክ አጠገብ ያለችው የኡስተር ከተማ ልጅ አገባና ኑሮውን ኡስተር አደረገ። በጋሽ ፓስኳሌ መንደር ደግሞ የበኩር ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወስዳል። አያታቸው ፓስኳሌ፣ አባታቸው ሮኮ፣ እሳቸው ፓስኳሌ፣ ልጃቸው ሮኮ። ለዚህ ነው እሳቸው በኅዳር ተወልደው የፋሲካ ስም የተሸከሙት። ቀጣዩ ማን መሆን እንዳለበት ለማንም ግልጽ ነው። ግን አያት አፍ አውጥቶ አይጠይቅም፤ ከጠየቀ ስሙ ስጦታ መሆኑ ይቀራል። ሮኮ ደግሞ ትምህርት ቤት በስሙ ተስቆበት ያደገ ልጅ ነው። ልጄን የፒዛ ቤት ማስታወቂያ አላደርገውም ሲል እኔው ራሴ ሰምቼዋለሁ። አባትየውም ሰምተዋል።

የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ሊና ተባለች። ጋሽ ፓስኳሌ ፈነደቁ፤ ስሙን የሚያነሳ ሰው ስላልነበረ ጭንቀቱም ለጊዜው አለፈ መሰለኝ። ለክርስትናዋ በአገራቸው ልማድ የስም ሰሌዳ ያለው የወርቅ አምባር አሠሩላት። ሲመለሱ ግን ፊታቸው አመድ መስሏል፤ አምባሩም ኪሳቸው ውስጥ ነው። አውጥተው ሲያሳዩኝ እንዲህ ይላል፦ ሊና ሮኮ ፓስኳሌ።

ደነገጥኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። ሰውዬው የልጅ ልጃቸውን በሐበሻ ደንብ ነው ያስቀረጿት! ልጅ፣ አባት፣ አያት። ማንንም ሳይለምኑ ስሙ እንዲከተላት። ኡስተር የክርስትናው ማዕድ ላይ ለተቀመጠው ዘመድ ሁሉ ግን የታየው ሌላ ነው፤ ስሙን የሚሸከም ወንድ ያጣ ሽማግሌ በሴት ሕፃን ላይ የወንድ ስም ሲጭን። ሮኮ በአማቾቹ ፊት ተናደደ። ልጅ ሳለሁ ስጠራህ እንኳ አትዞርም ነበር፤ የራስህ ስም ሲሆን ግን ይኸው አላቸው። አምባሩን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ሮኮ አይደውልም፤ እሳቸውም አይደውሉም። ፎቶ ላይ ያለችው ሊና ማቀዝቀዣቸው በር ላይ ሳታድግ ቀረች። በዓመቱ የጋገሩት የፋሲካ ኬክ ሲቆረስ መታገሥ አልቻልኩም። ስም አይለመንም፣ እሺ፣ አልኳቸው፤ ልጅስ ቢለመን ምን ነውር አለው? ሮኮ አባቱ እንዳልወደደው እያሰበ ነው የኖረው፤ ይህን ይዘው መሞት ይፈልጋሉ ወይ ብዬ ተናገርኳቸው። አነጋገሬ ከረር ያለ ነበር። ሹካቸውን አስቀምጠው፣ አብሬያቸው እሄድ እንደሆነ ጠየቁኝ።

በባቡር ሄድን። እስከ ሎዛን ሐይቁን እያሳዩ ሲያወሩኝ ነበር፤ ከበርን ከተማ በኋላ ግን ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። ዙሪክ ላይ ወርደን ወደ ኡስተር የሚሄደውን ባቡር ያዝን። ኡስተር ስንደርስ፣ አስቀድሜ ደውዬለት ስለነበር፣ ሮኮ መድረኩ ላይ ከኋላችን መጣና «ፓፓ» አለ። አልዞሩም። የልጁ ፊት ሲጠቁር አየሁት። ክንዱን ያዝኩና፣ ድገመው አልኩት። «ፓፓ» አለ እንደገና፤ ዞሩ።

ቤት ገብተን ሬጉላ ሾርባ አቀረበች። ጋሽ ፓስኳሌ ማንኪያውን ሳይነኩ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ ክፍሉን፣ መስኮቱን፣ ከበር ሥር የሚታየውን የጫማ ጥላ፣ ሁለቱን ጥሪ። ሮኮ መጀመሪያ ቀና ብሎ ያያቸው ነበር፣ በኋላ ግን አንገቱን ደፋ። እኔም የእኛን አገር ስም አወጣጥ ለሬጉላ አስረዳሁና አምባሩ ላይ የተጻፈው በምን ምክንያት እንደሆነ ነገርኳት።

«ስሜ እንዲቀጥል ብዬ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «እናቴ ስሜን በሹክሹክታ ነበር የምትጠራው። ልጅ ሆኜ ከመስኮት ጮኾ የጠራኝ ሰው የለም። አንድ ሰው ፓስኳሌ ብሎ ሲጮኽ፣ አንድ ልጅ ሳይፈራ ሲዞር ማየት አማረኝ። ይኸው ነው። የሚመጣው ልጅ የፈለጋችሁትን ይባል፤ ሳይፈራ ከዞረ ለእኔ ያው ነው።»

ሮኮ ተነስቶ ከኋላቸው ቆመና ግንባሩን ትከሻቸው ላይ አሳረፈ። ሬጉላ እጇን ዘረጋች፤ አምባሩን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት፤ ሊናን ከአልጋዋ አምጥታ አሰረችላት። ስለ ስም ከዚያ በኋላ ያነሳ ሰው አልነበረም።

የሮኮና የሬጉላ ሁለተኛ ልጅ፣ ወንዱ፣ የተወለደ ቀን ጋሽ ፓስኳሌ እኔ ቤት የተንጠባጠበ ቧንቧ እያጠበቁ ነበር። ጡረታ ቢወጡም ቧንቧዬን ለአዲሱ ኮንሲየርዥ አላስነካም ይሉ ነበር። ስልካቸው ጮኸ፤ እጃቸው እርጥብ ስለሆነ እኔ ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው። ሬጉላ ናት። በዚያ በዙሪክ ቅላጼዋ፣ «ፓስኳሌ» አለች። ዝም። እሳቸውን የጠራች መስሎኝ እኔም ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቅኩ። «ፓስኳሌ ነው ስሙ» አለች ደግማ፤ «እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ሮኮም እሺ ብሏል።»

መፍቻው ከእጃቸው ወደቀ። «አቤት» አሉ።

በሳምንቱ ሬጂውን አስቸግረው የፖስታ ሳጥናቸውን ሰሌዳ አስቀየሩ። ልለጥፈው ሲሉ መንገድ ዘጋሁባቸው። ስምዎ ምን ማለት ነው፣ ማን አወጣልዎ አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ሳቁ፤ ከዚያ ሰሌዳውን ለእኔ ሰጡኝና እኔ ለጠፍኩት። መጀመሪያ እንዳልኳችሁ፣ መርዶውን ሰምቼ ፊቱ የቆምኩት ይኸው ሰሌዳ ነው።

ትንሹ ፓስኳሌ አሁን ትምህርት ቤት ሊገባ ነው። አያቱ በየበዓሉ ኡስተር እየሄዱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሬጉላ ልጇን ስትጠራ ያዳምጡ እንደነበር ሮኮ ነግሮኛል። ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ነው ያላት፤ እግዚአብሔር ይስጣት።

የቀብሩ ዕለት ሜራን መቃብር ስፍራ ሕንጻው በሙሉ ወጥቶ ነበር፤ ጋሽ ማለት ማዕረግ የሚመስላት ጎረቤቴም፣ መስኮት ድርግም የሚያደርጉት አሮጊትም። ሳጥኑ ወርዶ፣ ቄሱ ጨርሶ፣ ሰው ሁሉ ጸጥ እንዳለ፣ ልጁ ወዲያ ማዶ ቧንቧው ዘንድ በአበባ ማጠጫ ባልዲዎች ሲጫወት እናቱ አየችው። ረሳችው መሰለኝ፤ ቦታውንም፣ ዕለቱንም፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነም ረሳች።

«ፓስኳሌ!» ብላ ጮኸች።

ሁላችንም ክው አልን። ሮኮ እጄን ያዘ። ልጁ ግን በመጀመሪያው ጥሪ ዞረ። «አቤት!» አለ፤ አያቱ አስተምረውት ኖሯል። ያኔ እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። ባልዲውን ጥሎ ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ወደ እኛ ሮጠ፤ ማንም ዝም በል አላለውም።